ቀዩ ለምን ይወድቃል?

በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም ፊዚክስ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ሙቀት በፈሳሽ ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር ለማሳየት፣ የመስታወት ዕቃ ውኃ ሞልቼ ከሥሩ ኩራዝ አበራሁና ቀይ ቀለም ጠብ አደረግሁበት። ቀለሙ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ወጣ፤ ላይ ሲደርስ ቀዝቅዞ በዳር በዳሩ ወረደ።

አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ቀዩ እንዲህ ተነሥቶ ተነሥቶ መጨረሻው መውደቅ ነው?» አለች።

ልመልስላት ዞር ስል የአውራጃው ካድሬ በሩ ላይ ቆሟል። በዚያ ዘመን በ«ቀይ» አይቀለድም። እሱ ግን ውኃውን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና፣ «ጓድ መምህር፣ ነገ ጠዋት ቢሮዬ ና» ብሎኝ ሄደ።

ሚስቴ ጋቢና ስንቅ አዘጋጀችልኝ። «አብሽር፣ ምንም አይልህ» ትለኛለች፤ ስንቁ ግን የሳምንት ነው።

ጠዋት ገና ሲያየኝ ብድግ ብሎ «ተከተለኝ» አለኝ። እስር ቤቱን አልፈን ስንሄድ ግራ ገባኝ። ወደ ገዛ ቤቱ ወሰደኝና የወጥ ቤቱን በር ከፈተው። ውስጡ በጭስ ታፍኗል፤ ባለቤቱ ዓይኗን በነጠላዋ ታሻለች።

«የሞቀ ነገር ወደ ላይ ይወጣል ብለሃል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ታዲያ የኔ ቤት ጭስ፣ ማውጫውን ትቶ ለምን እሷ ዓይን ውስጥ ይገባል?»

እፎይታዬ እስከ ገበያው የተሰማ መሰለኝ።

«ወንድሜ፣ መላ በለኝ» አለ ካድሬው። «ካልተስተካከለ እሳት አልነካም ብላኛለች።»