ጭቃ የማያውቀው ሞዴል

ያንን ሪፖርት ለምን ፈረምሁት? እስካሁን መልሱን አላውቅም።

ዘግይቼ ስለተማርሁ ሥራ የጀመርሁት በአርባ ዓመቴ ነው። በመጀመሪያው ቀን የቡድን መሪያችን አቶ ይልማ፣ ሳሪስ በነበረው የቅርስ ጥናት ቢሯችን ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡኝና፣ "ጥንት ሰው የት እንደሰፈረ ለማወቅ እኛ አንደክምም፤ ኮምፒውተሩ ይራመድልናል" አሉኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍሁት።

ሥራው ይህ ነበር። የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ሞዴል ለምንለው ፕሮግራም እንሰጠዋለን። እሱ ከወንዝ ወደ ግጦሽ፣ ከግጦሽ ወደ ኮረብታ ለእግረኛ የሚቀናውን መንገድ ያሰላል። ብዙ መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ካርታው ላይ ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ ሰው ሰፍሮበት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቀዩ ይቆፈራል፣ ይጠናል። ግራጫው ለግንባታ ይለቀቃል።

ከአቃቂ ወንዝ ማዶ አንዲት ጉብታ ግራጫ ሆና ወጣች። ሞዴሉ መንገዱን ሁሉ ከሥሯ ባለው ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጎ አስምሮታል። በነሐሴ ቦታውን ለማየት ሄድሁ። በዝናብ የላቆጠው ጥቁር መረሬ አፈር ጫማዬን ዋጠው። የቦታው ገበሬ ጋሽ በዳዳ ከጉብታዋ ላይ ሆነው ጮሁብኝ።

"አንቺ! በክረምት በዚያ በሬም አያልፍ! በዚህ ዙሪ!"

ዞርሁ። ጉብታዋ ላይ የሸክላ ስባሪና ያረጀ የወፍጮ ድንጋይ ተበትኗል። "መቼም ይህን አታስነኩብንም" አሉኝ።

በፕሮግራሙ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ በጋ ነው! ያ ሁሉ ባለ ዲግሪ ተሰብስቦ ክረምትን ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ተመልሼ ጭቃውን ስሌቱ ውስጥ አስገባሁት። መንገዶቹ ከሜዳው ወደ ጉብታዋ ዞሩ፤ ካርታው ላይ ቀይ ሆነች።

"ሪፖርቱ አልቋል" አሉ አቶ ይልማ።

"ሞዴሉ ጭቃ አያውቅም እኮ።"

"ታዲያ ቦት ጫማ እንግዛለት?" ቢሮው በሙሉ ሳቀ። "ፈርሚ።"

ፈረምሁ። ዛሬም ያንገበግበኛል። እሳቸው ጭቃው ሳይነካቸው ፈረሙ፤ እኔ ነክቶኝ። ዶዘሩ ጉብታዋን በሁለት ቀን ደልድሎ ጨረሳት።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። ሞዴል የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ስህተቱን ያየ ሰው መፈረም የለበትም።

ይህን ለጋሽ በዳዳ የነገርኋቸው ባለፈው ዓመት፣ ኮዬ ፈጬ ድንገት ተገናኝተን አውቶቡስ ስንጠብቅ ነው።

"ጉብታው ላይ ሰው አልኖረበትም ብላ የፈረመችው እኔ ነኝ።"

አተኩረው አዩኝ። "ሳታዪው ፈርመሽ ነው?"

"አይቼው ነው። እርስዎ አይደሉ ያሳዩኝ?"

"እንግዲያማ ይብሳል" አሉና ከጎኔ ተነሥተው ሌላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።