የአምቦ መስመር ሹፌር የእንግሊዝኛ ፈተና

ከአምቦ የወጣሁ ዕለት በራሴ ሚኒባስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፋሪ ሆኜ ተቀመጥኩ። የራሴ ስል ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው፤ ግን ለዓመታት ከአምቦ አዲስ አበባ የተመላለስኩበት መኪና ነው። መሪውን የያዘው እኔን የተካው ሹፌር ነበር። አውሮፕላኑ ማታ ስለሆነ ከምሳ በኋላ ተነሣን። እናቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝና በመስኮቱ በኩል እጄን ይዛ «በል ሂድ፣ ሰው አታስጠብቅ» አለችኝ። እጄን ግን አልለቀቀችም። መኪናው ሲንቀሳቀስ አብራው ትንሽ ተራመደች። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ለመዞር አቅም አጣሁ። በየኩርባው ቀኝ እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ሹፌሩ አይቶኝ «ቶላ፣ ዛሬ እንኳ ተወኝ!» ብሎ ሳቀ።

የምሄደው ስኮትላንድ ውስጥ ግላስጎ ወደምትባል ከተማ ነው። ባለቤቴ ሂሩት በልጅነቷ አክስቷ ዘንድ ሄዳ እዚያው ያደገች፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ የምትሠራ ናት። ለእረፍት አምቦ መጥታ ተዋወቅን፣ ተጋባን፣ እሷም ነፍሰ ጡር ሆና ተመለሰች። እኔ እንድከተላት እንግሊዝኛ መናገሬን ማሳየት ነበረብኝ። የሚጻፍ ነገር የለውም፤ ከአንድ ሰው ፊት ተቀምጦ ስለ ቤተሰብና ስለ ሥራ ማውራት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ወሬ መቼ ቸግሮኝ ያውቃል? ቀላል መሰለኝ።

አዲስ አበባ አንድ አስጠኚ መልሱን እንደ ዳዊት በቃሌ አስያዘኝ። ፈተናው ላይ ሥራህን ትወደዋለህ ወይ ተብዬ ስጠየቅ «የስ፣ ቢኮዝ ኢት ኢዝ ቻሌንጂንግ ኤንድ ሪዋርዲንግ» ብዬ እንደ መትረየስ ለቀቅኩት። ፈታኙ በጨዋ ደንብ ራሱን ነቀነቀና «ዋት ኢዝ ቻሌንጂንግ?» አለኝ። ምኑ ነው የሚፈትንህ ማለቱ ነበር። እኔ ቃሉን እንጂ ትርጉሙን ማን ነግሮኝ! ጣራውን አየሁ፣ ጫማዬን አየሁ፣ በመጨረሻ «የስ» አልኩት። ወደቅኩ። ሂሩት በስልክ «አይዞህ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነበር። ሆዷ ገፍቷል፣ ብቻዋን ናት።

በማግስቱ ጠዋት ጋቢና የተቀመጡት እንደ ሁልጊዜው ኦቦ ፈይሳ ነበሩ። ቤታቸው አምቦ ሆኖ መንገዳችን ላይ ባለችው ጊንጪ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ።

«ምን ሆነሃል ዛሬ?» አሉኝ።

«ወደቅኩ፣ ኦቦ ፈይሳ።»

«ከምን ላይ?»

«ከእንግሊዝኛ።»

ሳቁ፤ ወዲያው ግን ሁሉንም አስተርከውኝ ሰሙና «የሰው መልስ ይዘህ ሄደህ ነዋ። አንተ ስለ ሥራህ የምትለው አጥተህ ነው? ከዛሬ ጀምሮ እስከ ጊንጪ አማርኛም ኦሮምኛም የለም» አሉ።

እውነትም የለም አሉ። ከመናኸሪያ እንደወጣን «ዋት ዱ ዩ ዱ?» ይሉኛል።

«አይ አም ድራይቨር።»

«ኤ ድራይቨር!»

«ኤ ድራይቨር!» ይላሉ ከኋላዬ እትዬ ዘይነባ። እትዬ ዘይነባ ወላጆቻቸው ከስልጤ መጥተው አምቦ ሱቅ የከፈቱ፣ እሳቸውም ጨርቅ ሊያመጡ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ነጋዴ ናቸው። እሳቸው ከጀመሩ መኪናው ሁሉ ይከተላል። ቀስ በቀስ ተሳፋሪው ትምህርቱን ለመደው። አንዱ በአማርኛ ሲያወራኝ ሌላው «ኧረ ጊንጪ አልደረስንም!» ብሎ ይቆጣዋል። ስለ ጉም፣ ስለ ጎማ፣ በሬ ስለሚተኛበት አስፋልት ሁሉ አወራሁ። ስሳሳት ይስቃሉ፣ ሲቀናኝ ያጨበጭባሉ። ኦቦ ፈይሳን ምን ልክፈልዎ ብላቸው «እኔን የምትከፍለኝ በመናገር ነው» አሉኝና ነገሩን ዘጉት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት፣ ልንነሣ ስንል አንድ ገበሬ ትንሽ ሴት ልጁን ወደ ላይ አቅፎ እየሮጠ መጣ። ልጅቱ ሽምብራ ስትበላ ትንፋሽ መሳቢያዋ ውስጥ ገብቶባት ደረቷ ያፏጫል። ሐኪም ቤት አይተው ቶሎ አዲስ አበባ መድረስ አለባት ብለዋቸዋል፤ አምቡላንሱ ሌላ ሕመምተኛ ይዞ ወጥቷል። እትዬ ዘይነባ ከኔ በፊት በሩን ከፍተው አስገቧቸው። መብራት አብርቼ ወጣሁ። ዝናቡ መስታወቱን እንደ ጨርቅ ሸፍኖታል። ጊንጪ ስንደርስ እንደ ልማዴ ፍጥነት ቀነስኩ።

«ለምን ትቀንሳለህ?» አሉ ኦቦ ፈይሳ።

«ይወርዱ የለም እንዴ? ተማሪዎችዎ?»

«ተማሪዎቼ ነገም አሉ። ንዳ!»

እትዬ ዘይነባ ወደ ኋላ ዞረው ጮክ ብለው «ወራጅ የለም! ወራጅ አለ የሚል ሰው አለ?» አሉ። ማንም አልተነፈሰም። አንዲት እናት ጧፍ ይዘው አዲስ ዓለም ማርያም ሊሳለሙ ነበር የተሳፈሩት። ቤተ ክርስቲያኑ በመስኮት ሲያልፍ ተሳለሙና «የትም ሆኜ ትሰማኛለች፣ አንተ ብቻ ተጠንቅቀህ ንዳ ልጄ» አሉኝ። የሁሉም ዐይን ልጅቱ ደረት ላይ ነበር። እኔ በመስታወቱ የማየው የአባትየውን ፊት ነው። ልጅቱ ማፏጨቷን አቆመች። አባትየው ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት፤ እንደገና አፏጨች።

ሆስፒታል አስገባናት። መሄድ ያለበት ሁሉ ሳይሄድ ግቢው ውስጥ ዝናብ እየመታው ጠበቀ። ብዙ ቆይቶ ሐኪሙ ሽምብራዋን በፋሻ ላይ ይዞ ወጣ። አባትየው ቃል ጠፍቶት አንድ በአንድ እየዞረ እጃችንን ሳመ፤ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያለ በኦሮምኛ ያመሰግናል። ከዚያ ተሳፋሪዎቼን ወደየመውረጃቸው መልሼ አደረስኳቸው።

ሁለተኛው ፈተና ላይ የገጠመችኝ ሽበት የወረሳት ሴት ነበረች። ስለ ሥራህ ንገረኝ አለችኝ። «አይ አም ኤ ድራይቨር» አልኩ፤ «ኤ»ዋን አልረሳኋትም። ትወደዋለህ? አዎ። ለምን? በዚያ ሰዓት በቃል የያዝኩት አንድም ነገር አልነበረም፤ ልጅቱ ብቻ መጣችብኝ። ሽምብራን በእንግሊዝኛ ስለማላውቀው በጣቴ ጫፍ መጠኑን አሳየኋት። ጉሮሮዬን ይዤ አፏጨሁላት። «ኖባዲ ሴይ ስቶፕ» አልኩ፣ ማንም አቁም አላለም ለማለት። «ኦል ፒፕል ሴይ ጎ።»

ሴትዮዋ ወደ ፊት ዘንበል ብላ «ኤንድ ዘ ጊርል?» አለችኝ። ጥያቄው ከፈተናው ይሁን ከራሷ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ጊርል ጉድ» አልኳት። «ናው ሺ ራን።»

አለፍኩ። ውጤቱን በነገርኳቸው ጠዋት ኦቦ ፈይሳ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አውልቀው ጠረጉ። እትዬ ዘይነባ ለልጄ የሚሆን ጨርቅ ቆርጠው ሰጡኝ።

ግላስጎ ስደርስ ልጄ ሲፈን መቀመጥ ጀምራለች። ለካ እንግሊዝኛ ብዬ የተማርኩትን እዚህ ማንም አይናገረውም! የግላስጎ ሰው ቃሉን ግማሹን ይውጠዋል፤ ትንሽ ለማለት «ዊ» ይላል፣ ትልቁንም «ዊ» ይለዋል። ዝናቡም እንዳገራችን ክረምት ነጎድጓድ አሰምቶ፣ ወርዶ፣ ወጥቶለት አይሄድም፤ ድምፁን አጥፍቶ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ይውላል። ገንፎ አላቸው፣ ግን ቅቤ የሚባል ሳያይ ወተት ተደፍቶበት ይበላል። እናቴ በሰው የላከችልኝን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በማንኪያ ጫፍ እየቆጠብኩ ስበላ ሂሩት ትስቅብኛለች።

የቤታችን ግድግዳ ውሃ ያወጣ ነበር። አከራያችንን ሚስተር ግራንትን ጠራሁትና «ግድግዳው ያለቅሳል» አልኩት፣ ሌላ ቃል ስላልነበረኝ።

ግድግዳውን ዳሰሰና «ትንፋሻችሁ ነው። ብዙ ትተነፍሳላችሁ» አለኝ።

«እሺ፣ ምን ያህል ይፈቀድልናል?»

አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። በሦስተኛው ቀን እርጥበት የሚመጥ ማሽን ይዞ መጣ፤ ቆይቶም አውቶቡስ ጣቢያ ሥራ እንዳለ የነገረኝ እሱ ነው። መጀመሪያ አውቶቡስ አጠብኩ። መንጃ ፈቃዱን ከሀ ጀምሬ አወጣሁ። ዛሬ ያኔ አጥበው የነበረውን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ እነዳለሁ። እዚህ ተሳፋሪ ሲወርድ «ቺርስ፣ ድራይቨር» ይላል፤ ሽማግሌውም፣ ሰካራሙም፣ ተማሪውም። የመጀመሪያ ቀን መሳደባቸው መስሎኝ ነበር። ሂሩት ማመስገናቸው እንደሆነ ስትነግረኝ ሌሊቱን ስቄ አደርኩ ማለት ይቻላል።

በቅርቡ ደግሞ እዚሁ ለመኖር የሚያስፈልገው የንግግር ፈተና መጣ። አሁንም ስለ ሥራ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ለልምምድ ፈታኝ የምትሆነኝ ሲፈን ናት፤ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ በግላስጎኛ ትጠይቀኛለች፣ ስሳሳት ፊቷን ታኮሳትራለች። እሱንም አለፍኩ።

እሁድ ለእናቴ ደወልኩ። በስልኩ ላይ ፊቷ ሲመጣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አለፍኩ፣ እማዬ።»

«ተመስገን! ምን ጠየቁህ?»

«ስለ ሥራዬ።»

«አሁንም? ያኔ ነግረሃቸው የለም እንዴ?»

ሲፈን ስልኩን ነጠቀችኝ። ፈታኝነቱ አልለቀቃትም። «ዋትስ ዩር ጆብ፣ አኮ?» አለቻት። አኮ አያትን በኦሮምኛ መጥሪያ ነው፤ ያቺን አንዲት ቃል በደንብ ትላታለች።

«ምን አለችኝ?» አለች እናቴ።

«ሥራሽ ምንድን ነው አለችሽ።»

እናቴ ቀና ብላ ተቀመጠች። «ጠዋት ዶሮዎቹን አወጣለሁ በላት። ከዚያ ጓሮ ጎመኔን እኮተኩታለሁ። ከሰዓት ለቅሶ ካለ ለቅሶ፣ ሠርግ ካለ ሠርግ እሄዳለሁ። እሁድ ደግሞ የትም አልሄድም፣ ስልክ እጠብቃለሁ።»

ተረጎምኩላት። የመጨረሻዋን ስተረጉም ፊቴን ከስልኩ ዘወር አደረግኩ። ሲፈን አልራራችልኝም፤ ቀጣዩን ጥያቄ ታውቀዋለች።

«ዱ ዩ ላይክ ዩር ጆብ?»

«ትወጂዋለሽ ወይ አለችሽ፣ እማዬ።»

እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን እንደጀመረ አልጨረሰም። «እወደዋለሁ በላት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እሁዱ ግን ቶሎ ያልቃል።»

ሲፈን እጅጌዬን ጎተተች። «ዋት ዲድ ሺ ሴይ? ዳዲ፣ ዋት ዲድ ሺ ሴይ?»