ቪድማንታስ ያላየው ጨዋታ

እኔ ቪልማ፣ የቅርጫት ኳስ ሜዳው ጠርዝ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጬ ነጥብ እመዘግባለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አጠገቤ የተቀመጠው ቪድማንታስ ይባላል። የሱ ሥራ አንድ ቡድን ሳይወረውር ኳስ የሚይዝባትን የሃያ አራት ሰከንድ ሰዓት መያዝ ነው፤ ኳሷ የቅርጫቱን ብረት ከነካች ሰዓቱን ወደ መነሻው ይመልሳል፤ ነካች አልነካች እያለ፣ ጣቱ ቁልፉ ላይ፣ ዓይኑ ብረቱ ላይ። ከተማችን ካውናስ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ጣራውን ሲያናጋ እኛ ማጨብጨብ እንኳ አይፈቀድልንም። ሰው ግን በነጻ ከፊት ትቀመጣላችሁ ብሎ ይቀናብናል። ወይ መቅናት! እንዲህ ሆኖ ማን ጨዋታ ያያል?

ለቪድማንታስ ጨዋታውን የምታይለት ሚስቱ ጌኖቫይቴ ነበረች። ከኋላችን ስድስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጥና፣ ሲያልቅ ድልድዩን አብረው እየተሻገሩ ሁሉንም ትተርክለታለች፤ ማን ማንን እንዳታለለ፣ አሠልጣኙ በንዴት እንዴት እንደቀላ። "አንተማ የት ነበርክ!" ትለዋለች። እሱ እየሳቀ ክንዷን ይይዛል። ምን ልደብቅ፣ እኔም ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ እሰማ ነበር።

ባለፈው ሐምሌ ሞተች። ጥቅምት ላይ የአውሮፓ ውድድር ሲጀመር ቪድማንታስ ያው ወንበሩ ላይ ነው። ክለባችን ዘንድሮ ጉድ አሰኘ፤ የስፔኑንም የግሪኩንም ቡድን ረታ፣ ከተማው አበደ። እሱ ግን ጃኬቱን ለብሶ ድልድዩን ብቻውን ይሻገራል። የካቲት ላይ አላስችል አለኝ።

"ምነው ሰውዬ፣ አሸንፈን እንዲህ የምትጠቁረው?"

"እሁድ እሁድ መቃብሯ ጋ እሄዳለሁ" አለኝ። "አበባውን አጠጣለሁ፣ ቅጠሉን እጠርጋለሁ። ከዚያስ ምን ልበላት? ዕድሜዋን ሙሉ ስትነግረኝ ኖራ፣ እኔ አንድ ጨዋታ እንኳ ልነግራት አልችልም።"

"ታዲያ አንድ ቀን ወንበሩን ለቀህ እይ እንጂ! ማን አሰረህ?"

"የት ተቀምጬ?"

"እሷ ቦታ ነዋ፣ አንተ ሞኝ!"

ሩብ ፍጻሜው ከኢስታንቡሉ ቡድን ጋር ሁለት ለሁለት ሆነ፤ ወሳኙ አምስተኛ ጨዋታ እኛ ጋ ነበር። ቪድማንታስ ፈቃድ ጠይቆ ሌላ ሴትዮ በቦታው ተተካች። የጌኖቫይቴን ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጺሙን ተላጭቶ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ሳየው ደስ አለኝ። ዛሬስ የሚነግራት አገኘ አልኩ በልቤ።

በመጨረሻዋ ሰከንድ ሰማንያ አንድ ለሰማንያ ተሸነፍን። ሰው ሲበተን ቪድማንታስ ወደ ጠረጴዛው ወረደ።

"እሺ፣ እንዴት ነበር?"

"ሴትዮዋ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አዘግይታ ነው የመለሰችው" አለ። "ሦስተኛው ሩብ ላይ አንዴ፣ መጨረሻው ላይ አንዴ።"

"ኧረ እሱን ተወው! ጨዋታውስ?"

ዓይኑ እንባ ሞላ። "ዓይኔን ከብረቱ ላይ መንቀል አቃተኝ ቪልማ። ሁሉም ሲጮህ እኔ ጣቴን ጉልበቴ ላይ እየተጫንኩ ነው ያመሸሁት። እስቲ የመጨረሻዋን ኳስ እንኳ አንቺ ንገሪኝ፣ ያንኑ እነግራታለሁ።"

ወረቀቴን አየሁ። "ዘጠኝ ቁጥር። ሁለት ነጥብ።"

"ስትገባማ አየኋት። ከየት መጣች? ፊቱ ሰው ነበር? የእኛዎቹን እንዴት አመለጣቸው?"

እኔ ምን አውቄ! ዳኛው በጣቱ የሚያሳየኝን ቁጥር ነው የምጽፈው። በራሴ አፈርኩ። "አላየሁም" አልኩት።

እናቴም ጌኖቫይቴ ያረፈችበት መካነ መቃብር ነው የተቀበረችው። እሁድ ሻማ ላበራላት ሄጄ፣ ከሦስት መቃብር ወዲያ ቪድማንታስን አየሁት። የውሃ ጠርሙስ ይዞ ቆሟል።

"ጌኑቴ፣ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን" አላት፣ ስሟን አቆላምጦ።

ቀጥሎ የሚለውን ለመስማት ጠበቅኩ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ አበባውን እንደገና ያጠጣ ጀመር፤ አፈሩ ገና ውሃ እንዳቆረ ነበር።