በቋንቋዬ የሠራሁት ዓረፍተ ነገር

ሕግ ተምሬ ወደ ቦንጋ ስመለስ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የመውጫ ፈተናውን አልፌአለሁ፤ ጋዋን ለብሼ የተነሣሁት ፎቶግራፍ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል፤ እኔ ግን ከፎቶው ሥር ቁጭ ብዬ ነበር የምውለው። ለዐቃቤ ሕግነትና ለዳኝነት ቅጥር ሊወጣ ነው እየተባለ በየሳምንቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ አያለሁ። ሰሌዳው ላይ ሾፌር ይፈለጋል፣ ጥበቃ ይፈለጋል። ገብቼ ስጠይቅ «በጀት ሲለቀቅ» ይሉኛል። በራሴ ጥብቅና እንዳልጀምር ደግሞ ፈቃድ የሚሰጠው የሥራ ልምድ ላለው ሰው ነው።

አባቴ መምህር ነው። ሥራ ፈትቼ መቀመጤ ከእኔ ይልቅ እሱን አሳፈረው መሰለኝ፣ አንድ ቀን ልብሴን እንድቀይር ነግሮኝ መናኸሪያው አካባቢ ወዳለ ጠበቃ ቢሮ ይዞኝ ሄደ። ጠበቃው ከሌላ አገር መጥቶ ከሃያ ዓመት በላይ ቦንጋ የኖረ፣ የታወቀ ሰው ነው። ዲግሪዬን አላየውም።

«ካፊኖኖ ትናገሪያለሽ?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ቤታችን የምንነጋገረው በሱ ነው።»

«በቃ። ሕጉን እኔ አውቀዋለሁ። እኔ የጎደለኝ ቋንቋው ነው።»

በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። ጠበቃው አያስፈራራም፣ አይቆጣም፣ «የኔ ልጅ» እያለ ነው የሚያዘኝ። ነገር ግን ገና በመጀመሪያው ወር አጠገቡ መቀመጥ ይከብደኝ ጀመር። መዝገብ ሲያገላብጥ አውራ ጣቱን በምላሱ ያረጥባል። ያ እርጥብ ጣት ያረፈበትን ገጽ ተቀብዬ እኔ ነኝ የምገለብጠው። ይህን እንኳ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። አንድ ቀን ከሺሺንዳ ማዶ የመጡ አዛውንት ገበሬ ለቀጠሮ ደረሱ። ሌሊት ተነሥተው የመጡ መሆናቸውን ሱሪያቸው ላይ ያለው ጭቃ ይናገራል። ችሎቱ እንደማይሰየም ጠበቃው ከሦስት ቀን በፊት ያውቅ ነበር፤ እኔ ራሴ ነኝ ከሬጅስትራር ሰምቼ የነገርኩት። ስልክ አልደወለላቸውም። «ዛሬ ተከራክሬ ሌላ ቀጠሮ አስሰጥቼአለሁ» አላቸው። ሰውዬው ጎንበስ ብለው አመስግነውት ሄዱ።

«ጋሼ፣ ለምን ሳይነግሯቸው ቀሩ?» አልኩት።

«ካልተመላለሱ ሥራ የተሠራ አይመስላቸውም፣ የኔ ልጅ።»

ያን ቀን ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ። በማግስቱ ግን ቢሮ ገባሁ።

ነገሩ የመጣው በስድስተኛው ወር ነው። ከማንኪራ አለፍ ብሎ ካለ መንደር አንድ ቡና ነጋዴ መጣ። ወንድሙ ሞቷል። የሟች ሚስት ባሏ ይለቅመው የነበረውን የጫካ ቡና አሁንም ትለቅማለች፣ ዛፎቹ ላይ ከተሰቀሉት ቀፎዎችም ማር ትቆርጣለች። ነጋዴው ቦታውን ፈልጎታል።

«ቡናውን ይለቅም የነበረው ወንድሜ ነው» አለ፣ እኔ እየተረጎምኩ። «አሁን ግን ወንድሜ የለም።»

ጠበቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይቺን ነገር ሁለተኛ እንዳይናገራት በይው። ቦታውን ድሮም የያዘው እሱ ራሱ ነው። ሴትዮዋ ናት አሁን ገብታ ሁከት የፈጠረችው።»

ተረጎምኩለት። ነጋዴው ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ። ክሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ሁከት ይወገድልኝ» የሚል ርእስ ሰጥቼ፣ ትምህርት ቤት እንደተማርኩት አንቀጽ በአንቀጽ፣ ንጹሕ አድርጌ ጻፍኩት።

ለምስክርነት ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ። ጠበቃው ልኳንዳ ቤት ቀጠራቸውና እኔም አብሬ ሄድኩ። ነጋዴው ጥሬ ሥጋ አዘዘ። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ሁለቱ ፕሮቴስታንት ስለሆኑ መብላት ጀመሩ፤ ሦስተኛው፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ጾም ነው፣ እኔ አልበላም» አሉና ሽሮ መጣላቸው። እኚህ ሰው ለጾሙ የሰጡትን ክብር ለመሐላቸው እንደማይሰጡ እያሰብኩ ተጸየፍኳቸው። እኔ ራሴ እዚያ ምን እያደረግኩ እንደነበር ለማሰብ ግን ጊዜ አልወሰድኩም።

ጠበቃው ጮማውን እያኘከ ምን ማለት እንዳለባቸው ነገረኝ። «ያለማንም ከልካይነት በሰላም ይዞ ሲጠቀምበት የኖረ ነው፤ እንዲህ ይበሉ። ዳኛዋ ይቺን ቃል ትፈልጋታለች።»

እዚህ ላይ ተቸገርኩ። እንዲህ ያለ አነጋገር በካፊኖኖ የለም። የእኛ ሰው «እርሻው የሱ ነው» ይላል፣ «አባቱ የተከለው ነው» ይላል፤ «ያለማንም ከልካይነት» ብሎ አያወራም። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው። በመጨረሻ ቃል ከቃል አጋጥሜ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠራሁ። ያምራል፣ ለአፍ አይከብድም፣ ከአማርኛው ምንም አይጎድለውም። ደጋግሜ አስባልኳቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ መጨረሻው ላይ ሲሳሳቱ አረምኳቸው። ሲያስተካክሉት «ጎበዝ አባባ» አልኳቸው።

ደስ ብሎኝም ነበር። አሁንም ድረስ ከሁሉም በላይ የምጸየፈው ያችን ደስታ ነው። ከአምስት ዓመት ትምህርት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

የምስክር መስሚያው ቀን ደረሰ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናቸው፣ ምናልባት ከእኔ በአሥር ዓመት ቢበልጡ ነው። ተከሳሿ ጠበቃ የላትም። የፕላስቲክ ጫማ አድርጋ፣ እጆቿን ከሆዷ ላይ አጣምራ ብቻዋን ቆማለች። የችሎቱ አስተርጓሚ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። እኔ ኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ።

የመጀመሪያው ምስክር ማሉ፣ ዓረፍተ ነገሯንም አሏት። አስተርጓሚው ትንሽ ዘገዩና ተረጎሙ። ሁለተኛው ከውጭ ተጠርተው ገቡ፣ እሳቸውም ያችኑ አሉ። አስተርጓሚው አሁን ቀና ብለው ምስክሩን አዩ። ሦስተኛው፣ ያ ጾመኛው ሽማግሌ፣ እንደ ጸሎት አድርገው በአንድ ትንፋሽ አወረዷት። አስተርጓሚው ሳይተረጉሙ ቆሙ።

«ምን አሉ?» አሏቸው ዳኛዋ።

«የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ያሉትን እተረጉማለሁ። ግን አንድ ነገር ላስታውቅ። እኔ ስድሳ ዓመቴ ነው፤ በካፊኖኖ ሰው እንዲህ ብሎ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ሦስቱም ግን እንዲሁ ነው ያሉት።»

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አነሡ። «ይህን አባባል ከየት እንዳገኙት ይጠይቁልኝ።»

ሽማግሌው ጥያቄውን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ዞር ብለው በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ። የተናገሩትን ማንም ሳይተረጉምልኝ ነበር የሰማሁት። «እዚያ የተቀመጠችው ልጅ ናት ያስተማረችኝ። ጎበዝ ልጅ ናት።» ሽማግሌው ሊያመሰግኑኝ ነበር የፈለጉት።

«ተነሺ» አሉኝ ዳኛዋ። ተነሣሁ። «ምስክሮቹን ምን እንደሚሉ አስጠንተሻል?»

ጠበቃውን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ መዝገቡን ያገላብጣል። ተከሳሿ ደግሞ ትክ ብላ ታየኛለች፤ አማርኛ ብዙም ስለማትሰማ ምን እንደተጠየቅኩ ከፊቴ ላይ እየፈለገች ነበር። አዎ ማለት እችል ነበር። የምናገረው አንድ ቃል ነው።

«አላስጠናሁም፣ ክብርት ዳኛ። ችሎት ፊት እንዴት እንደሚቆሙ ብቻ ነው የገለጽኩላቸው።»

አስተርጓሚው ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሡ። ዳኛዋ መልሴን መዝገብ ላይ አስፍረው «ተቀመጪ» አሉኝ።

ስንወጣ ጠበቃው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ፊቱ በርቷል። «ዛሬ ገና ጠበቃ ሆንሽ! ብዙ ወንድ እዚያ ጋ ይንቀጠቀጣል። አንቺ ድምፅሽ እንኳ አልተለወጠም።» ካፌ ወስዶ ማኪያቶ አዘዘልኝ። ሸሚዙ የላብና የጥሬ ሥጋ ሽታ አለው። ማኪያቶውን ግን ጠጣሁት። እስከ መጨረሻው ጠጥቼ «አመሰግናለሁ ጋሼ» አልኩት።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ በፈተና የኮረጀ ተማሪ ወላጁን ካላመጣ ክፍል የማያስገባ ሰው ነው። እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር። እሱ ግን «ማን ማን ሰማ?» አለኝ።

«ምን ማለት ነው፣ አባዬ? ችሎቱ ሁሉ ነዋ።»

«ክደሻል አይደል? በቃ፣ ዝም በይ። ፈቃድሽን እስክታገኚ ዝም በይ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ ትሆኛለሽ።»

የፈራው ለእኔ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ከፊቱ ተነሥቼ ሄድኩ፤ ለብዙ ቀን አብሬው ማዕድ መቅረብ አልቻልኩም።

በሳምንቱ ሥራውን ለቀቅኩ። ጠበቃው ሊያስቀረኝ አልታገለም። «ሌላ ቦታ ስትሄጂ ሌላ ዓይነቱን ታዪዋለሽ» አለኝና የልምድ ደብዳቤ ጻፈልኝ። «በሥነ ምግባሯ የተመሰገነች» ይላል። ቤት ገብቼ ሳነበው ሳቅ መጣብኝ፣ ሳቁም አስጠላኝ። ደብዳቤውን የትም አላቀረብኩትም፤ ስለዚህ እነዚያ ወራት እንደ ልምድ አልተቆጠሩልኝም።

ዳኛዋ ምስክሮቹን ሳያምኑ ክሱን ውድቅ አደረጉት። ሬጅስትራር ቤት የምትሠራ ጓደኛዬ ስትነግረኝ ተነፈስኩ። በቃ፣ ሴትዮዋ አልተጎዳችም፣ እኔም ልረሳው እችላለሁ አልኩ። በወሩ ግን ነጋዴው ይግባኝ አለ። ጓደኛዬ ያሳየችኝ የይግባኙ ማመልከቻ ሦስቱ ምስክሮች አንድ ዓይነት ቃል መስጠታቸው እውነትነቱን ያሳያል ይላል። የጠበቃው ረዳትም ምስክር አላስጠናሁም ብላ በችሎት አረጋግጣለች ይላል። ውሸቴ ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መንደሩ በእግሬ ሄድኩ። ሴትዮዋ ደጇ ላይ፣ ከእንጨት በተሠራ ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና እያሰጣች ነበር። ወዲያው አወቀችኝ። ተቀመጪ አላለችኝም።

«ምን ፈለግሽ?» አለችኝ በካፊኖኖ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት፣ እትዬ። ምስክሮቹን ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ዳኛዋ ሲጠይቁኝ ደግሞ ዋሸሁ።»

እጇ ቡናውን መበተን አላቆመም። «ይሄን እኔ አውቀዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ጎረቤቶቼ ናቸው። ለኔ ምን ያደርግልኛል? ሂጂና ለማያውቀው ንገሪው።»

«እጽፍልሻለሁ። ፈርሜ እሰጥሻለሁ፤ ይግባኙ ላይ ታያይዥዋለሽ።»

«ጻፊው።»

ቦርሳዬ ላይ አስደግፌ በአማርኛ ጻፍኩ። ልኳንዳ ቤቱን፣ ዓረፍተ ነገሯን፣ ችሎት ላይ የሰጠሁትን መልስ፣ ሁሉንም። ጨርሼ በካፊኖኖ ላነብላት ስጀምር እጇን አነሣች።

«አንቺ አታንብቢልኝ። የምታነቢውን በምን አውቃለሁ?»

ወረቀቱን ተቀብላኝ አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። በሯን ዘግታ መንገድ ጀመረች። እስከ ቦንጋ እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ ሆነን ሄድን። በመንገድ ያገኘነው ሰው ሁሉ እሷን ቆሞ ሰላም ይላል፣ ከዚያ እኔን ያየኛል። ማን እንደሆንኩ አልነገረቻቸውም።

የወሰደችኝ ፍርድ ቤቱ ግቢ፣ አስተርጓሚው ዘንድ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡላት። ሲጨርሱ «የፈረምሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ይሄን ያን ቀን ብትዪው ኖሮ ይህች ሴት ዛሬ ባልተመላለሰች» አሉኝ። ሴትዮዋ ወረቀቱን ለሬጅስትራር አስገብታ ወደ መንደሯ ተመለሰች።

ይግባኙ ውድቅ ሆነ። ለእኔ ግን ነገሩ በዚያ አላለቀም፤ ተጠርቼ ቃሌን ሰጠሁ፣ ለፈረምኩት ሁሉ አዎ አልኩ። ፈቃድ የጠየቅኩ ቀን ጉዳዩ ታይቶ እንደሚወሰን ተነገረኝ። ጠበቃው እኔ ከእውቀቱ ውጪ በራሴ ያደረግኩት ነው ብሎ ጻፈ፤ አሁንም ይሠራል። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝቶኝ እንደ ድሮው «የኔ ልጅ» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ሳልጨብጠው አለፍኩ።

አሁን የምኖረው ዋጫ ከተማ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በሕግ ባለሙያነት ተቀጥሬ ውል እመረምራለሁ፣ ደብዳቤ አረቅቃለሁ። ቡና የሚሸጡ ገበሬዎች ፊርማቸውን ሊያኖሩ ሲመጡ ውሉን በካፊኖኖ አነብላቸዋለሁ። ያነበብኩትን መልሰው በራሳቸው ቃል ካልነገሩኝ በስተቀር አላስፈርምም፤ አለቃዬ ሥራ ታጓትቻለሽ እያለ ያጉረመርማል። ዘንድሮ ለፈቃድ የሚያበቃኝ ጊዜ ሞልቷል። አባቴ የድሮው ነገር ተረስቷል፣ ቅጹን ሞልተሽ ብቻ አስገቢ ይላል። እኔ ግን ለሴትዮዋ ጽፌ የፈረምኩትን ያን ወረቀት ከመዝገቡ በግልባጭ አስወጥቼ ከማመልከቻው ጋር አያይዤዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ቦንጋ ወርጄ አስገባለሁ።