ከግንቡ ውጭ

ዝናብ የመታው ጥድ ሲሸተኝ ሞጣ አጠገብ ያለችው የገጠር ደብራችን ትመጣብኛለች። ልጅ ሳለሁ አንድ ነሐሴ ከእናቴ ጋር ሄድን። ሰው ሁሉ ወደ ግቢው ሲገባ እሷ ግን ከግንቡ ውጭ፣ ሣር የዋጠው ትንሽ የድንጋይ ክምር አጠገብ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ አንገባም?» አልኳት።

«እህትሽ እዚህ ናት። ወንዙ ሞልቶ መሻገር አቅቶን፣ ክርስትና ሳትነሳ ሞተች። ያልተጠመቀ ውስጥ አይቀበርም አሉን።»

ነጠላዋን አውልቃ ድንጋዮቹን አለበሰቻቸው።

«እስኪጎድል ጠብቂኝ ብያት ነበር» አለች፣ ለራሷ።

ጨቅላ ልጅ እንዴት አድርጎ ይጠብቃል ብዬ ገረመኝ።

ባለፈው ክረምት እናቴን ግቢው ውስጥ ቀበርናት። መቃብሩን የሚቆፍሩትን፣ ወደ ግንቡ አስጠጉልኝ ብዬ ለመንኳቸው።