ለእሑድ የተቀጠረ መርዶ

እዚህ በስደት አገር ጎረቤቴ የሆኑት ጋሼ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ናቪጌተር፣ አቅጣጫ መሪ፣ ነበሩ። አውሮፕላናቸው ተመቶ በጃንጥላ ወረዱና ተማረኩ፤ ዓመታት እስር ቤት ቆዩ። ስለ ድብደባው ስንጠይቃቸው “እሱስ ያልፋል” ብለው ወሬ ይቀይራሉ። ያላለፈላቸው ሌላ ነው። እናታቸው የሞቱት እሳቸው በተማረኩ በዓመቱ ሲሆን፣ የሰሙት ግን ተፈትተው አገር ሲገቡ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ለሞተች እናት ዕድሜ ሲለምኑ ኖሩ። እኔን ሞት እንዳትደብቁኝ ይሉን ነበር፤ ለቀልድ አልነበረም።

አምና አንድ ማክሰኞ ጠዋት የእህታቸው ልጅ ከአገር ቤት፣ ከደብረ ዘይት፣ ደወለችልኝ። እናቷ፣ የጋሼ ብቸኛ እህት፣ አርፋለች፤ ቀብሩ በማግስቱ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርምና ለእሳቸው አልደወለችም። እኔም ለእድሩ ሰዎች ነገርኩ። ሽማግሌ ይፈለግ፣ ከኬኔሶ ከተማም ዘመድ ይምጣ፣ ሰው ሁሉ ከሥራ ኦፍ የሚሆነው እሑድ ነው ተባለ። ብቻቸውን ሰምተው አንድ ነገር ቢሆኑስ? ያን ዕለት ብነግራቸው ኖሮ ቀብሩን እንኳ በቪዲዮ ያዩ ነበር። ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። ደፋር ነኝ ባይዋ እኔ ግን እሺ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ መሐል ከተማ፣ ሚድታውን፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሲወጡ በጠብታው ምክንያት አጥርተው አያዩም ነበር፤ መኪና ውስጥ ስልካቸውን ሰጡኝና ለእህቴ ደውይልኝ አሉኝ። የደወልኩ መስዬ ትንሽ ቆየሁና ኔትወርክ የለም አልኳቸው። የአገራችን ነገር ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያኔ አፈር በበላሁ!

እሑድ ንጋት ላይ ነጠላችንን አዘቅዝቀን በራቸው ላይ ተሰበሰብን። በሩን ከፍተው ሲያዩን ወዲያው ገባቸው። ሽማግሌው ነገሯቸው። አላለቀሱም፤ መቼ ነው ብለው ጠየቁ። ማክሰኞ ሲባሉ ወደ እኔ ዞሩ።

“ሐሙስ ታውቂ ነበር?”

“አዎ ጋሼ።”

“የማረኩኝ ሰዎች እንኳ የእናቴን ሞት አያውቁም ነበር። አንቺ ግን እያወቅሽ።”

ሰው ሁሉ አጽናናኝ፤ ወጉ ነው፣ ምን ታደርጊ አሉኝ። ወጉማ ወጉ ነው። እኒያን ሰው ግን ከሁሉ ይበልጥ የማውቃቸው እኔ ነበርኩ፤ እንዴት ብዬ ነው ወጉ ላይ የማላክከው?

ዛሬም ሐኪም ቤት የማደርሳቸው እኔው ነኝ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በቀደም መኪና ውስጥ አገር ቤት ስላሉት ቤተሰባቸው ጠየቁኝ፤ ጠዋት ወደዚያ ደውዬ ነበርና ሁሉም ደህና ናቸው አልኳቸው። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ከዚያ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እያለሁ ስልካቸውን አውጥተው ለእህታቸው ልጅ ደወሉና፣ ሁላችሁም በሕይወት አላችሁ ወይ ብለው ጠየቋት።