ከእጀታው ሥር የቀረችው ቅቤ

ከአዲስ መኪና ላይ ነጩን ላስቲክ ስልጥ ከሥሩ ብቅ የሚል አንድ ሽታ አለ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች የሙጫ ሽታ ነው ይላሉ። እኔን ግን መስከረም ላይ የሚገለጥ ደብተር ይሸተኛል፤ ማንም ያልጻፈበት፣ ገጹ ከገጹ የተጣበቀ። ባለፈው ሳምንት በጭነት መኪና ተጭና አሰላ የገባች ግራጫ የኤሌክትሪክ መኪና እኛ ላቫጆ መጥታ፣ ላስቲኩን ከጥግ ይዤ ወደ ኋላ እያጠፍኩ ቀስ ብዬ ስልጥ፣ ባለቤቱ በዙሪያዬ ሲንቆራጠጥ ቆየ። በቅርቡ የስልክ መሸጫ የከፈተ ወጣት ነው። በመጨረሻ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እናቴ ቅቤ ይዛ ቤት እየጠበቀችኝ ነው። መኪናውን ልትቀባው ነው። ቀለሙን ያበላሻል ብለሽ በስልክ ንገሪልኝ፤ እኔን አትሰማኝም።»

እጄ ላስቲኩ ላይ ቆመ። እኔ እንኳን የማላውቃቸውን እናት በስልክ ልመክር፣ የማውቀውን ሰው ሰላም ለማለትም ሦስት ጊዜ የማስብ ሰው ነኝ። ያቆመኝ ግን ዓይነ አፋርነቴ ብቻ አልነበረም። ቅቤ የሚለውን ቃል ስሰማ ሽታው ሁሉ ተቀላቀለብኝና የሐጂ ቃሲም ግቢ ከነዛፉ ከነጭቃው ፊቴ ላይ ተደቀነ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ሆስፒታል በጽዳት ትሠራ ነበር፤ ሁለታችን በሐጂ ቃሲም ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ሐጂ የስንዴ ነጋዴ ነበሩ፤ ስንዴ ሲገዙ አንዷን ፍሬ ጥርሳቸው ሥር አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ነክሰው ያዳምጧት ነበር፤ እርጥብ ትሁን ደረቅ ድምፅዋ ይነግራቸዋል። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ይፈራሉ። ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ ሳያስፈቅድ የኮክ ዛፋቸውን ቅርንጫፍ ቆርጦ በሳምንቱ ዕቃውን ጋሪ ላይ ሲጭን አይቻለሁ። እናቴ ያን ቀን ይዛኝ ገብታ «የሰው ነገር አትንኪ፤ ከዚህ ከወጣን መግቢያ የለንም» ያለችኝ ከጆሮዬ አልወጣም።

ያን ዓመት ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሲሆን ሐጂ አዲስ ፒካፕ ይዘው በደራ በኩል ዳገቱን ሽቅብ መጡ። ከፊት ለፊቱ ትንኝና ቢራቢሮ ተለጥፎበታል፤ ከጎኑ የቆላው አቧራ ለብሷል፤ የወንበሩ ላስቲክ አልተነሣም፤ ሐጂ ሲወርዱ ላስቲኩ ከጀርባቸው እየተላቀቀ ጮኸ። የግቢው ሰው ሁሉ ወጣ። ልጆች ሊነኩት ሲንደረደሩ ሐጂ «እጅ ወደ ኋላ!» ብለው ስለጮኹ፣ ሁላችንም እጃችንን ከኋላችን አጣምረን እንደ ሽማግሌ በመኪናው ዙሪያ ዞርን።

የዚያኑ ዕለት ጋሽ ዘነበ ተጠሩ። ጋሽ ዘነበ የመኪና ቀለም ሠሪ ናቸው፤ ግቢያቸው ከእኛ አጥር ጀርባ ነበር። አዲስ መኪና አሰላ ሲገባ ባለቤቱ ከመንዳቱ በፊት እሳቸውን ያስጠራል። መጀመሪያ ሰዓታቸውን ፈቱ፤ ቀጥሎ ቀለበታቸውን፤ ቀበቷቸውን ፈትተው ሱሪያቸውን በገመድ አሰሩ፤ በመጨረሻም ሸሚዛቸውን አውልቀው ቁልፉን ወደ ጀርባ አዙረው ለበሱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ቀለም ቆዳ ነው፤ ያውም የጨቅላ ቆዳ» አሉ። ከዚያ ከላይ፣ ከጣሪያው ጀምረው ውሃውን ያለ ጨርቅ፣ ያለ እጅ ዝም ብለው አፈሰሱት። «አቧራ እንደ ሰው ነው። ቀስ ብለህ ውረድ ስትለው ይወርዳል፤ ስትገፋው ይቧጭርሃል።»

ከዚያ ጨርቅ ፍለጋ ከቤት ቤት ዞሩ። አዲስ ጥጥ አይሆንም አሉ፤ የሚፈለገው ብዙ የታጠበ፣ ያለቀ፣ ሊበጠስ የደረሰ ነጠላ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ይዘው ወጡ፤ ጋሽ ዘነበ አንድ በአንድ ጉንጫቸው ላይ እያስነኩ መለሱላቸው። የእናቴን ሲያስነኩ ግን ዓይናቸው በራ። «ይኼ ነው! በግቢው ከዚህ ያረጀ የለም!» እናቴ ሳቋን በእጇ ሸፍና «ጋሼ፣ ለድህነቴ ሽልማት ሰጡኝ እኮ» አለች። በዚያ ነጠላ የመኪና ሰም ቀቡት፤ በክብ፣ በክብ፣ በትንሽ ክብ፤ ሲደርቅ ወለወሉት። መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ ሳየው ዋልኩ።

ሲጨርሱ ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ጭላሎ ተራራ የሚለብሰው ዓይነት ሰማያዊ። ሰው ተበትኖ ብቻዬን ስቀር በሩ ፊት ቆምኩ። እኛ ቤት የነበረው መስታወት የእጅ መዳፍ የሚያህል ስለነበር ዓይኔን ሳይ አፌ አይታየኝም፤ አፌን ሳይ ዓይኔ ይጠፋል። በዚያ በር ላይ ግን ከሻሼ እስከ ላስቲክ ጫማዬ ሙሉ ሆኜ ቆሜ ነበር። ከኋላዬ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ፣ የኮኩ ዛፍ፣ ደመናው፣ ተራራው ሁሉ ከእኔ ጋር በሩ ውስጥ ገብቷል። ለካ እኔም ቦታ እይዛለሁ። እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አስቤ አላውቅም፤ ለማንም አልተናገርኩም፤ ብቻ በየቀኑ ጠዋትና ማታ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እየሄድኩ አየዋለሁ።

በሳምንቱ የሐጂ እናት አኮ ሙሚና ከሳጉሬ ወዲያ ካለው አገራቸው መጡ። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ነው፤ ግቢው ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸው ነበር። በግራ እጃቸው ቅቤ የያዘች ትንሽ ቅል፣ በቀኛቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ነገሩ የገባቸው ጋሽ ዘነበ በአጥሩ ክፍተት ሮጠው መጡ።

«አኮ፣ ምናለ ጎማው ላይ ቢያደርጉት?» አሉ እየተለማመጡ።

አኮ በኦሮምኛ መለሱላቸው፤ ሐጂ አንገታቸውን እንደ ደፉ ተረጎሙ። «ልጄን ስመርቅ ግንባሩን ትቼ ጫማውን ነው እንዴ የምቀባው? ነው የምትለው።»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። አኮ ቅቤውን ኮፈኑ መሐል ላይ በአራት ጣታቸው አበሱ፤ ልጃቸው የሚገባበትን በር ከመስኮቱ ሥር እስከ እጀታው ቀቡ፤ ሣሩን እየነሰነሱ «ነጋን ዴሚ፣ ነጋን ገሊ» አሉ፤ በሰላም ሂድ፣ በሰላም ግባ። ጋሽ ዘነበ ሰውነታቸው ላይ እሳት እንደ ወደቀ ሁሉ ይንቆራጠጡ ነበር፤ ሲመረቅ ግን እሳቸውም ከሰው ጋር «አሜን» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ እናታቸውን በመኪናው ወደ አገራቸው ሸኙ። ከሳጉሬ ወዲያ ጥርጊያ መንገድ ነው። ሲመለሱ ቅቤው ያን ሁሉ አቧራ ይዞ፣ ኮፈኑና በሩ ላይ ቡናማ ፀጉር የበቀለ መሰለ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ሥራ ሄዳለች። ልብስ ሰፊው አዘግይቶ የሰጠንን አዲስ ዩኒፎርም ለብሻለሁ፤ ከትምህርት ቤት በፊት ራሴን ለማየት ወደ በሩ ሄድኩ። አልታየሁም። ከደረቴ በላይ ያ ቡናማ ነገር ሸፍኖኛል። መኪናውም አሳዘነኝ። ቅቤ የነካው ዕቃ እንዴት እንደሚለቅ ደግሞ አውቃለሁ፤ እናቴ አስተምራኛለች። ከምድጃው አመድ ዘገንኩ፣ ቃጫ አመጣሁ፣ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ጋሽ ዘነበ ሲያደርጉ እንዳየሁት በክብ፣ በክብ፣ በትንሽ ክብ አሸሁት። እጄ የደረሰበትን ሁሉ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ውሃ ስደፋበት ፀሐይ ከጎረቤት ቆርቆሮ በላይ ብቅ አለች። አመዱ በቧጨረው በር ላይ የሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ክብ በክብ ላይ፣ ሺህ ጊዜ። እኔም ውስጡ አለሁ፤ ግን ዓይን የለኝም፣ አፍ የለኝም፤ ዩኒፎርም የለበሰ ጉም ነበርኩ። መጀመሪያ የታየኝ ጋሪ ላይ የተጫነ ዕቃችን ነው።

ጋሽ ዘነበ ቅቤውን ሊያነሡ ሞቅ ያለ ውሃ በባልዲ ይዘው የመጡት ያን ጊዜ ነው። ባልዲውን አስቀመጡ። በሩን አዩ፤ እኔን አዩ፤ አመዱን መዳፌ ላይ አዩ። ወዲያው ሐጂ ከቤት ወጡ።

«ዘነበ፣ ምን ሆኗል?»

ጋሽ ዘነበ ወደ እኔ ዞሩ። ሊያድኑኝ ይችሉ ነበር፤ አላዳኑኝም፤ እስክናገር ጠበቁኝ። እኔ ድምፅ የለኝም፤ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ አቤት የምትልልኝ ጓደኛዬ ነበረች። ግን እናቴ ትዝ አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እናቴ አታውቅም። ቅቤውን በአመድ አጠብኩት።»

ሐጂ ጭረቱን አላዩም። ወላሂ አላዩትም። ፊታቸው የተለወጠው በሌላ ነው። «የእናቴን ቅቤ?» አሉ። «ሁሉንም?»

ከበሩ ጋር ተጠግተው ጎንበስ ብለው ፈለጉ። ከእጀታው ሥር፣ ጣቴ ያልደረሰበት ጉድጓድ ውስጥ፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ንጹሕ ቅቤ ቀርታ ነበር። ሐጂ በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው ቆዩ፤ ከዚያ ያንኑ ጣት ግንባሬ ላይ አሳረፉ። ቀዝቃዛ ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ አለች» አሉ። «ዘነበ፣ ቀለሙን እንደምታውቅ አድርገው። ይቺን ግን እንዳትነካት።» ወደ ስንዴያቸው ሄዱ።

ጋሽ ዘነበ ያን ቀን እስከ ማታ ሠሩ፤ እኔም ከትምህርት ቀርቼ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዤላቸው ዋልኩ። ድሩ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ዓይኔ ተመለሰልኝ፤ ቀጥሎ አፌ። አፌን ከፍቼ ነበር የቀረሁት። ጭረቱ የት ሄደ? ብዬ ጠየቅኋቸው፤ በዚያ ቀን ሁለተኛ ጊዜ መናገሬ ነው።

«ጭረት አይሄድም ልጄ። ዙሪያውን ነው ወደ እሱ የምናወርደው። ይኼ ሁሉ ማማር ከወረቀት የሳሳ ነው፤ እኛ ደግሞ ዛሬ ከላዩ ወስደንለታል። ሁለተኛ ቢቧጨር ግን የምንወስድለት የለም።»

ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ሳቆም ወደ እሳቸው ግቢ የገባሁት ያቺን ቀን ይዤ ነው። እስኪያርፉ ድረስ አስተማሩኝ። አኮ ሙሚና አረፉ፤ ሐጂም ተከተሏቸው፤ ልጆቻቸው ፒካፑን ለአቦምሳ ሰው ሸጡት። እናቴ ጡረታ ወጥታ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ያ ነጠላ ክር ሆኖ አለቀ። በሐጂ ግቢ ላይ አሁን ፊቱ ሁሉ መስታወት የሆነ ፎቅ ቆሟል። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ከራሱ እስከ እግሩ ራሱን ያያል፤ አይቶም አይቆምም።

ባለፈው ክረምት አንድ ፍየል ጫኝ ፒካፕ ከአቦምሳ መጥቶ ለእጥበት ቆመ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ግን ይዟል። የሾፌሩ በር ላይ ብቻ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ የልጅ ክንድ የሚደርስበትን ያህል ቦታ ተልጦ ነጥቷል። ሾፌሩ «ይኼ ቦታ ለምን ብቻውን እንደ ተላጠ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም» አለኝ። ጉልበቴን አጥፌ፣ በዘጠኝ ዓመት ቁመቴ ልክ ሆኜ ፊቱ ቁጭ አልኩ። ምንም አይታይም ነበር። ጣቴን ከእጀታው ሥር ከተትኩ፤ የወጣው የአቦምሳ አቧራ ነው። ውሃውን ከላይ ወደ ታች ዝም ብዬ አፈሰስኩለት።

ይህን ሁሉ ሳስብ ወጣቱ ስልኩን እንደ ዘረጋ ቆሞ ነበር። ጥሪው ገብቷል። ተቀበልኩት።

«እማማ፣ ልጅዎ አሁን ሊመጣ ነው» አልኩ፤ ድምፄ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ። «ቅቤውን ኮፈኑ ላይ ይቀቡት፤ ቀለሙን አይጎዳም። የሚጎዳው አቧራው ነው፤ ስለዚህ ከመንገድ በፊት ወደ እኔ ይመልሰው፣ በሞቀ ውሃ አነሣዋለሁ። ደግሞ ከእጀታው ሥር ትንሽ ያድርጉ። እዚያ ያለውን ማንም አይነካውም።»

ልጁ አፉን ይዞ ያየኛል። እናቲቱ በዚያ በማውቀው የአርሲ አማርኛ፣

«ተባረኪ። የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አሉኝ።

«የሐጂ ቃሲም ግቢ ልጅ ነኝ» አልኩ።

እሳቸውም እሺ አሉ፤ ግቢው አሁንም ያለ ይመስል።